ኢሴንሻል ጂን በስታቲስቲክስ እንዴት ይለያል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ ያሉ የባዮቴክና የስታት ተማሪዎች ሁሌ የሚጠይቁኝን ነው የሰበሰብኩት፣ ከቀላሉ ጀምሮ ወደ ከባዱ ይሄዳል።

ኢሴንሻል ጂን ማለት በቀላሉ ምንድነው?

ባክቴሪያው ያለሱ መኖርና መባዛት የማይችለው ጂን ነው። አውጥታቹ ብትጥሉት ወይ ብታበላሹት ሴሉ ይሞታል ወይም መከፋፈል ያቆማል፣ በቃ። ዲኤንኤ የሚያባዙት፣ ራይቦዞም የሚሰሩት፣ የሴሉን ግድግዳ የሚገነቡት ጂኖች አብዛኛዎቹ እዚህ ውስጥ ናቸው። የቀረው ብዙው ጂን ግን ቢጠፋም ባክቴሪያው ይኖራል፣ ምናልባት እድገቱ ይቀዘቅዛል ወይ አንድ አይነት ስኳር መጠቀም ያቅተዋል እንጂ አይሞትም።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ያዙልኝ፣ ኢሴንሻል ሲባል ሁሌም "የት ላይ ሲያድግ?" የሚል ጥያቄ አብሮት አለ። አሚኖ አሲዱ ሁሉ ተዘጋጅቶ የቀረበለት ኢ ኮላይ (አንጀት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው) አሚኖ አሲድ የሚሰራበትን ጂን ቢያጣ ጉዳዩም አይደለም፣ ግሉኮስና ጨው ብቻ ወዳለበት ሚድያ (ባክቴሪያው የሚያድግበት ምግብ) ስታዛውሩት ግን ያው ጂን የሞት ሽረት ይሆናል። ሚድያውን ሳይጠቅስ "ይሄ ጂን ኢሴንሻል ነው" ብሎ የሚያልፍ ፕሮፖዛል ሲመጣልኝ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ቅር ይለኛል።

በአንድ ባክቴሪያ ውስጥ ስንት ናቸው?

እንደ ባክቴሪያው ነው። ኢ ኮላይ ኬ-12 ወደ 4,300 ጂን አለው፣ ኬዮ ኮሌክሽን የሚባለው በ2006 የወጣው የጃፓኖቹ ስራ ጂኖቹን አንድ በአንድ ለመሰረዝ ሞክሮ 3,985ቱ ተሰረዙ፣ 303ቱ እምቢ አሉ፣ እነዚህ ናቸው ለኢሴንሻልነት የታጩት። ባሲለስ ሰብቲለስ በሚባለው የአፈር ባክቴሪያ ላይ በ2003 271 ተባለ፣ በ2017 እንደገና ሲሰራ 257 ሆነ። ማይኮፕላዝማ ጄኒታሊየም ላይ ደግሞ ከመጀመሪያውም ጂኑ ትንሽ ነው፣ ፕሮቲን የሚሰሩት 480 አካባቢ ሆነው በ1999 ከ265 እስከ 350 የሚሆኑት የግድ እንደሚያስፈልጉ ተገመተ።

የፍየል በሽታ አምጪ ከሆነው ከማይኮፕላዝማ ማይኮይደስ ተነስተው (ከብቱን ሳምባ የሚያስይዘው የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ከብት ያረባ ቤተሰብ ያላቹ ታውቁታላቹ) የክሬግ ቬንተር ኢንስቲትዩት ሰዎች በ2016 473 ጂን ብቻ ያለው ሴል ሰሩ። የሚገርመው ከ473ቱ ውስጥ የ149ኙ ስራ ምን እንደሆነ አይታወቅም ነበር፣ ግን ብትነኩት ሴሉ ወይ ይሞታል ወይ እድገቱ ይበላሻል።

ጂኑን አንድ በአንድ ሳይሰርዙ እንዴት ነው የሚታወቀው?

ትራንስፖዞን የሚባል ዘላይ የዲኤንኤ ቁራጭ አለ፣ ሄዶ ጂኖሙ (የባክቴሪያው ሙሉ ዲኤንኤ) ውስጥ በዘፈቀደ ይሰካል፣ የተሰካበትን ጂን ያበላሸዋል። ይሄን ብዙ ሺ ወይ ሚሊዮን ሴል ላይ ባንዴ ታደርጉታላቹ፣ እያንዳንዱ ሴል ሌላ ሌላ ቦታ ላይ ተሰክቶበታል፣ ከዚያ ፕሌት ላይ ታሳድጓቸዋላቹ። ኢሴንሻል ጂኑ ላይ የተሰካበት ሴል አያድግም። የተረፉትን ሰብስባቹ (ይሄ ስብስብ ላይብረሪ ይባላል) ዲኤንኤያቸውን አውጥታቹ ትራንስፖዞኑ ከጂኖሙ ጋር የሚገናኝበትን ጫፍ ብቻ ሲኩዌንስ ስታስደርጉ (የዲኤንኤውን ፊደል ስታስነብቡ) የት የት እንደተሰካና እያንዳንዱ ቦታ ስንት ጊዜ እንደተነበበ ይቆጠራል። ወሬው ያለው እንግዲህ ምንም ባልተቆጠረበት ቦታ ላይ ነው።

ባቲ ሰኞ ገበያ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ገበያው ጢም ባለበት ቀን ተከታታይ አስር መደብ ባዶ ካያቹ እዚያ ቦታ የሆነ ነገር አለ ትላላቹ፣ ገበያው በሳሳበት ቀን ግን ያው አስር ባዶ መደብ ምንም አይነግራቹም። ቀጥሎ የሚመጣው ስታቲስቲክስ ሁሉ ይቺኑ በቁጥር ማስቀመጥ ነው።

ዘዴው በ2009 ቲኤን-ሴክ፣ ኢን-ሴክ፣ ሂትስ፣ ትራዲስ እየተባለ በአራት ስም ከአራት ቡድን ለየብቻ ወጣ፣ ሀሳቡ አንድ ነው ስሙ አያደናግራቹ። ልዩነት የሚያመጣው ትራንስፖዞኑ ነው፦ ሂማር1 የሚባለው የሚሰካው ቲ እና ኤ ጎን ለጎን ባሉበት ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ ቲኤን5 ግን የትም ለማለት ይቻላል። ሂማር1 ስትጠቀሙ ሊሰካ የሚችልባቸው ቦታዎች ቁጥራቸው ቀድሞ ይታወቃል፣ የቲቢ ባክቴሪያ ላይ ወደ 74,600 ናቸው፣ ለስታቲስቲክስ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው ምክንያቱም ባዶውንም መቁጠር ትችላላቹ።

ባዶ ከሆነ ኢሴንሻል ነው፣ ታዲያ ስታቲስቲክሱ ለምን አስፈለገ? በአይን አይታይም እንዴ?

አይታይም። ይሄን ጥያቄ በወረቀት እንስራው፣ ካልኩሌተር አውጡ።

ላይብረሪያቹ ከቲኤ ቦታዎቹ ግማሹ ላይ ተሰክቷል እንበል፣ 50 ፐርሰንት ሳቹሬሽን ማለት ነው። ምንም ኢሴንሻል ነገር የሌለበት አንድ ቦታ እንዲሁ በአጋጣሚ ባዶ የመሆን ፕሮባብሊቲው ግማሽ ነው። ሁለት ተከታታይ ባዶ ሩብ፣ ሶስት ተከታታይ ከስምንት አንድ፣ እንዲህ እያለ አስር ተከታታይ ባዶ ከ1,024 አንድ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ "በጣም ትንሽ ነው፣ ስለዚ አስር ባዶ ካየሁ ኢሴንሻል ነው" ብሎ ይቆማል፣ ግን እኮ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይደለም የምታዩት፣ ጂኖሙን ሙሉ ነው የምታስሱት። አንድ የባዶ ተርታ የሚጀምረው ከተሰካበት ቦታ ቀጥሎ ነው፣ ስለዚ 74,600ን ለሁለት ከፍላቹ ለ1,024 ስታካፍሉት 36 ከምናምን ይመጣል። ማለትም አንድም ኢሴንሻል ጂን የሌለው ባክቴሪያ ቢኖር እንኳ አስርና ከዚያ በላይ የሆነ ተከታታይ ባዶ 36 ቦታ አካባቢ ታገኛላቹ፣ በአጋጣሚ ብቻ! ረጅሙ ደግሞ 15 ገደማ ይደርሳል።

አሁን ሳቹሬሽኑን 80 ፐርሰንት አድርጉት። ባዶ የመሆን ፕሮባብሊቲው 0.2 ሆነ፣ በአጋጣሚ የሚመጣው ረጅሙ ባዶ ወደ 7 ይወርዳል። ስለዚ ያው አስር ተከታታይ ባዶ አንዱ ላይብረሪ ላይ ተራ ነገር ነው፣ ሌላው ላይብረሪ ላይ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ሸጋ ላይብረሪ ከሌላቹ የትኛውም ሶፍትዌር አያድናቹም፣ ሰው ግን ሁሌ ስለ ሶፍትዌሩ ነው የሚጠይቀኝ።

ትንንሽ ጂን ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሶስት ቲኤ ብቻ ያለው ጂን በ50 ፐርሰንት ሳቹሬሽን ሶስቱም ባዶ የመሆን ዕድሉ ከስምንት አንድ ነው፣ በዚህ ማንንም ኢሴንሻል ማለት አይቻልም፣ "አጭር ስለሆነ መወሰን አይቻልም" ብሎ መተው ነው ያለው። መተው ደግሞ ነውር አይደለም።

ጉምበል፣ ኤችኤምኤም፣ ሪሳምፕሊንግ ይላሉ፣ የቱን ልጠቀም?

ጥያቄያቹ ምን እንደሆነ ይወስነዋል። ሶስቱም ትራንዚት የሚባለው በ2015 የወጣው ነፃ ሶፍትዌር ውስጥ አሉ፣ በፓይተን የተሰራ ነው።

ጉምበል በእያንዳንዱ ጂን ውስጥ ረጅሙን ተከታታይ ባዶ ወስዶ "ይሄ በአጋጣሚ ይመጣል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል፣ ከላይ በካልኩሌተር የሰራነውን ማለት ነው፣ ከዚያ በቤዝያን መንገድ (የቀደመ ግምትን በዳታው እያስተካከሉ ማስላት ነው) ጂኑ ኢሴንሻል የመሆን ፕሮባብሊቲ ይሰጣቹሃል። ለነገሩ ጉምበል አዲስ ነገር አይደለም፣ ኮምቦልቻ ሃይድሮሊክስ የተማራቹ ልጆች ታውቁታላቹ፣ የቦርከና አይነት ወንዝ በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣው ትልቁ ጎርፍ ምን ያህል ነው ብላቹ ድልድይ ስትነድፉ የምትጠቀሙት ያው ዲስትሪቢውሽን ነው። እዚያ ትልቁ ጎርፍ፣ እዚህ ረጅሙ ባዶ። የሲቪል ልጆች ይሄን ሲሰሙ ከባዮሎጂ ልጆች ቀድመው ይገባቸዋል፣ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ኤችኤምኤም (ሂደን ማርኮቭ ሞዴል) ጂን የሚባል ድንበር ሳይጠይቅ ቲኤ በቲኤ እየሄደ እያንዳንዱን ቦታ ከአራት አንዱ ውስጥ ይከተዋል፦ ኢሴንሻል፣ ቢጎዳ እድገት የሚቀንስ፣ ምንም የማይል፣ ቢጎዳ እንደውም እድገት የሚጨምር። የተነበበውን ቁጥርም ስለሚጠቀም "ይሞታል ወይስ ብቻ ይደክማል" የሚለውን ለመለየት ጥሩ ነው። ችግሩ ጎረቤት ይጎትተዋል፣ በሁለት ኢሴንሻል ጂኖች መሃል የተቀመጠ ትንሽ ጂን ምንም ሳያጠፋ አብሮ ኢሴንሻል ተብሎ ሊወጣ ይችላል፣ እንዲህ አይነቱን በእጃቹ መልሳቹ እዩት።

ሪሳምፕሊንግ ሁለት ሁኔታ ስታወዳድሩ ነው፣ ለምሳሌ ቲቢ በግሊሰሮል ሲያድግና በኮሌስትሮል ሲያድግ። የአንዱን ጂን ቁጥሮች ከሁለቱም ወገን ቀላቅሎ በዘፈቀደ መልሶ ያከፋፍላል፣ ይሄን 10,000 ጊዜ ይደግምና እውነተኛው ልዩነት ከተቀላቀለው ስንት ጊዜ እንደሚበልጥ ያያል። ኖርማል ዲስትሪቢውሽን ምናምን ስለማይጠይቅ እወደዋለሁ፣ የዚህ ዳታ ቁጥሮች ኖርማል የሚባል ነገር አያውቁም፣ ግማሹ ዜሮ፣ ጥቂቱ ሺ፣ መሃል ላይ ሁሉም አይነት።

ቲኤን5 ለሚጠቀም ሰው ሌላ ነው፣ የቦታ ቁጥር ስለሌለ በአንድ ጂን ላይ የተሰኩትን ለጂኑ ርዝመት ማካፈል ነው የሚደረገው። ሂስቶግራሙን ስትስሉት ሁለት ጉብታ ይወጣል፣ ዜሮ ላይ ያለው ትንሹ ኢሴንሻሎቹ፣ ትልቁ የቀሩት፣ መሃላቸው ላይ መስመር ታሰምራላቹ። በ2009 ሳልሞኔላ ታይፊ ላይ (እኛ አገር ትኩሳት ያለው ሰው ሁሉ "አለብህ" የሚባለው ታይፎይድ) 370,000 የተለያየ ቦታ ላይ ተሰክቶ፣ በአማካይ በየ13 ፊደሉ አንድ ማለት ነው፣ 356 ኢሴንሻል ጂን ተገኘ።

ቲቢ ላይ የ2003ቱ 614 ይላል የ2017ቱ 461 ይላል፣ የቱ ነው ውሸት?

ሁለቱም አልዋሹም። የ2003ቱ የተሰራው ሲኩዌንሲንግ እንዲህ ሳይረክስ በማይክሮአሬይ (ዲኤንኤውን ቺፕ ላይ አጣብቆ በሚለይ ዘዴ) ነው፣ የጠየቀውም "ለጥሩ እድገት የሚያስፈልጉት የትኞቹ ናቸው?" ብሎ ነው፣ ስለዚ ሲጎዳ ባክቴሪያውን የሚያዳክም እንጂ የማይገድል ጂንም እዚያ ውስጥ ገብቷል። የ2017ቱ 14 ላይብረሪ ደምሮ ሳቹሬሽኑን ከፍ አድርጎ ቲኤ በቲኤ ቆጥሮ የሚገድለውን ከሚያዳክመው ለይቶ ነው 461 ያለው። ጥያቄው ሲጠብ ቁጥሩ ይቀንሳል።

ስለዚ ቴሲስ ላይ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጣቹ "ተመራማሪዎች አይስማሙም" ብላቹ አትለፉ። የትኛው ሚድያ፣ የትኛው ቴክኖሎጂ፣ መቁረጫው መስመር የት ላይ ነው የሚለውን ጻፉ፣ ኤግዛሚነሩም እሱን ነው የሚጠይቃቹ።

አንድ ጂን ግማሹ ባዶ ግማሹ ሙሉ ሆኖብኛል፣ ምን ልበለው?

በጣም ጥሩ ነገር ነው ያገኛቹት፣ ዳታው ተበላሽቷል ብላቹ አትጣሉት። ለምሳሌ ያህል አንድ ጂን ላይ ያሉት ቲኤዎች ቁጥራቸው በተርታ እንዲህ ነው እንበል፦ 0, 0, 0, 0, 0, 0, 0, 0, 0, 88, 14, 0, 231, 57, 0, 106። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው "31 አካባቢ ነው፣ ደህና ነው፣ ኢሴንሻል አይደለም" ብሎ ያልፈዋል። ተርታውን ያየ ሰው ግን መጀመሪያ ላይ ያሉት ዘጠኙ ዜሮዎች ያስቆሙታል። ላይብረሪው 80 ፐርሰንት የሞላ ከሆነ ዘጠኝ ተከታታይ ባዶ ከላይ ካሰላነው 7 ያልፋል፣ የጂኑ የፊት ክፍል የግድ ያስፈልጋል፣ የኋላው ቢቆረጥም ችግር የለም ማለት ነው።

የታወቀው ምሳሌ ኢ ኮላይ ላይ ያለው ኤፍቲኤስ-ኬ ነው። ፕሮቲኑ 1,329 አሚኖ አሲድ ሆኖ ሴሉ እንዲከፈል የሚያስፈልገው የመጀመሪያው 200 አካባቢ ብቻ ነው፣ የኋላው ክሮሞዞም በማስተካከል ላይ ይሰራል ግን ብታጡት ሴሉ ይኖራል። እንዲህ አይነቱን ለመያዝ ነው ጉምበል አማካይ ትቶ ረጅሙን ባዶ የሚያየው።

የዚህ ተቃራኒም አለ፣ መጨረሻው ጫፍ ላይ ብቻ አንድ ሁለት የተሰካበት ኢሴንሻል ጂን። ጫፉ ተቆርጦ ፕሮቲኑ እየሰራ ነው፣ ጂኑ ኢሴንሻልነቱን አልተወም። ለዚህ ሲባል ከሁለቱም ጫፍ 5 ወይ 10 ፐርሰንት ቆርጦ መተንተን የተለመደ ነው።

ፒ-ቫልዩው ከ0.05 በታች ከሆነ አይበቃም?

አይበቃም። ፒ-ቫልዩ ማለት ምንም ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ወይ ከዚህ የባሰ ውጤት በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉ ነው። 4,000 ጂን ላይ 4,000 ቴስት ነው የሰራቹት፣ ምንም ልዩነት ባይኖር እንኳ 0.05 ማለት 200 ጂን በከንቱ ይወጣላቹሃል። ቤንጃሚኒና ሆችበርግ በ1995 ያወጡትን ማስተካከያ ተጠቀሙ፣ አር በሚባለው የስታት ሶፍትዌር ላይ አንድ መስመር ነው፣ ሪፖርት የምታደርጉትም የተስተካከለውን ነው።

ሪሳምፕሊንግ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። 10,000 ጊዜ ካደባለቃቹ ከዜሮ በላይ ያለው ትንሹ ፒ-ቫልዩ 0.0001 ነው፣ ከዚያ ያነሰ ማየት አትችሉም። ሶፍትዌሩ ዜሮ ብሎ ሲጽፍላቹ "ፒ እኩል ይሆናል 0" ብላቹ ወረቀት ላይ አታስፍሩ፣ ከ0.0001 በታች በሉ። ሌላው ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ብቻ በጣም ትልቅ ቁጥር ሲወጣ ነው፣ ፒሲአሩ (ዲኤንኤ የሚያባዛው ዘዴ) አንዱን ቁራጭ ከልክ በላይ አባዝቶት ይሆናል፣ ሌሎቹ ሪፕሊኬቶች (የሙከራው ድግግሞሾች) ላይ ከሌለ አትመኑት። ሪፕሊኬት ሁለት እንኳ ይኑራቹ፣ በአንድ ሪፕሊኬት የመጣ ዳታ ይዞ ፒ-ቫልዩ የሚጠይቀኝን ልጅ ምን እንደምለው ይጨንቀኛል።

ሲኩዌንሰርም ደህና ላብም የለንም፣ ደሴ ቁጭ ብሎ መስራት ይቻላል?

ይቻላል፣ እንደውም ለማስተርስ ቴሲስ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ርዕስ አላውቅም። የታተሙ ጥናቶች ዳታ ኤንሲቢአይ በሚባለው የአሜሪካ የዳታ ማከማቻ ላይ በነፃ ተቀምጧል። ጥሬው ፋይል ብዙ ጊጋ ነው፣ በካርድ ዳታ አይሞከርም፣ ዩኒቨርሲቲው ዋይፋይ ላይ ማታ ማታ ነው የሚወርደው እሱም መብራት ካልጠፋ። ግን ጥሬው የግድ አያስፈልጋቹም፣ የተቆጠረው ፋይል ካለ፣ ዊግ ፋይል ይሉታል፣ እያንዳንዱ መስመር ላይ የቲኤው አድራሻና ስንት ጊዜ እንደተነበበ ብቻ ነው ያለው፣ ለቲቢ 74,600 መስመር ማለት ከአንድ ሜጋ አይበልጥም። ፎቶ እንኳ ከዚያ ይበልጣል።

ላፕቶፑ ተራ ላፕቶፕ ይበቃል። ጉምበሉ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፣ ቡና አፍልታቹ እስክትጠጡ። መጀመሪያ ሶፍትዌሩን ከማስነሳታቹ በፊት ግን ሳቹሬሽኑን በእጃቹ አስሉ፣ ዜሮ ያልሆነውን ቆጥራቹ ለጠቅላላው አካፍሉ፣ ሁለተኛ የቁጥሮቹን ሂስቶግራም ሳሉ፣ ሶስተኛ የታወቀ ኢሴንሻል ጂን አንዱን፣ ለምሳሌ አርፒኦ-ቢን (ዲኤንኤውን ወደ አርኤንኤ የሚገለብጠውን ማሽን አንዱን ክፍል የሚሰራው) ከፍታቹ ባዶ መሆኑን እዩ። አርፒኦ-ቢ ላይ ብዙ ከተሰካ አድራሻው ተንሸራቷል ወይም የተሳሳተ ሬፈረንስ (ማነፃፀሪያ) ጂኖም ነው የተጠቀማቹት።

ይሄ ነገር ለመድኃኒት ይጠቅማል ወይስ ለወረቀት ብቻ ነው?

ይጠቅማል፣ ግን "ኢሴንሻል ስለሆነ መድኃኒት ይሆናል" የሚለው ዝላይ በዝቷል። ሃሳቡ ቀላል ነው፣ ባክቴሪያው ያለሱ የማይኖረውን ፕሮቲን ብታግዱት ይሞታል። ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት የሚያግደው አርፒኦ-ቢ የሚሰራውን ነው፣ ኢሴንሻል ነው። በ2012 መጨረሻ አሜሪካ የፈቀደችው ቤዳኩሊን ኤቲፒ (የሴሉን ጉልበት) የሚሰራውን ማሽን ነው የሚያግደው፣ እሱም ኢሴንሻል።

ሌላውን የቲቢ መድኃኒት አይሶናያዚድን ደግሞ እዩት። የሚያጠቃው ኢሴንሻል የሆነው አይኤንኤች-ኤ የሚባለው ጂን የሚሰራውን ፕሮቲን ነው፣ ግን መድኃኒቱ ሲዋጥ ገና አልነቃም፣ የሚያነቃው ካት-ጂ የሚባል የባክቴሪያው የራሱ ጂን ነው፣ ካት-ጂ ደግሞ ላብ ውስጥ ኢሴንሻል አይደለም። ስለዚ ባክቴሪያው ካት-ጂን አበላሽቶ መድኃኒቱን ሳያነቃ ይቀመጣል፣ አይሶናያዚድ የማይበግረው ቲቢ በብዛት የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። መድኃኒት ስታስቡ እንግዲህ የሚመታውን ጂን ብቻ ሳይሆን መንገዱ ላይ ያሉትንም ኢሴንሻል ናቸው አይደሉም ብላቹ ጠይቁ። የሰው ሴል ውስጥ ተመሳሳዩ አለ ወይ የሚለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ካለ በሽተኛውንም ነው የምትመቱት።

ላብ ውስጥ ጭራሽ የማያድግ ባክቴሪያስ?

ይሄን የጠየቀችኝ ቦሩ ሜዳ አካባቢ ያደገች ልጅ ናት፣ ሆስፒታሉ ድሮ በሥጋ ደዌ ሕክምና ነው የሚታወቀው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ፕሌት ላይ አያድግም፣ አይጥ እግር ላይ ወይ አርማዲሎ ውስጥ ነው የሚራባው፣ እሱም ለመከፈል ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ትራንስፖዞን ላይብረሪ የማይታሰብ ነው።

ግን ተፈጥሮ ራሷ ሙከራውን ሰርታዋለች። በ2001 ጂኖሙ ሲነበብ ፕሮቲን የሚሰሩ 1,604 ጂኖችና 1,116 የሞቱ ጂኖች ተገኙበት። የቲቢው ዘመዱ ወደ 4,000 አለው። ማለትም ይሄ ባክቴሪያ ሰው ሴል ውስጥ ተደላድሎ ሲኖር የማያስፈልገውን ሁሉ ሲያጣ ኖሯል፣ ስለዚ የቲቢን ኢሴንሻል ዝርዝር ይዛቹ "ከነዚህ ስንቱ ሥጋ ደዌው ላይ ተርፏል? ከቀሩትስ?" ብላቹ ሁለት በሁለት ሰንጠረዥ ሰርታቹ የፊሸር ቴስት (ሁለቱ ነገሮች የተያያዙት በአጋጣሚ ነው ወይ የሚለውን የሚፈትን) ማድረግ ትችላላቹ። ኢሴንሻል ሆኖ እዚያ የሞተ ጂን ካገኛቹ ቁም ነገር ነው፣ ወይ ሌላ መንገድ አለው ወይ ከሰውየው ሴል እየተቀበለ ነው።

ቦታው ራሱ ትራንስፖዞን የማይቀበል ከሆነስ? ያ ባዶ ምን ይባላል?

እውነተኛ ችግር ነው። ሂማር1 ቲኤ ሁሉ እኩል አይጥመውም፣ የ2017ቱ የቲቢ ስራ ዙሪያቸው ጂና ሲ የበዛባቸው፣ አንድ የተወሰነ ቅርጽ ያላቸው ቲኤዎች ጂኑ ኢሴንሻል ባይሆን እንኳ ባዶ እንደሚሆኑ አሳይቷል፣ ከጠቅላላው 9 ፐርሰንት ገደማ ናቸው። እነዚህን ቀድሞ ከቆጠራ ማውጣት ነው። ኤች-ኤንኤስ የሚባል ፕሮቲን ደግሞ ዲኤንኤው ላይ ተጠምጥሞ ትራንስፖዞኑን እንደሚከለክል በ2016 ኮሌራ አምጪው ላይ ታይቷል፣ እዚያ ያለው ባዶ የኢሴንሻልነት ሳይሆን የመሸፈን ነው።

የዚህ ተገላቢጦሽ የዲኤንኤ መባዛት የሚጀምርበት አካባቢ ነው፣ ቶሎ በሚያድግ ባክቴሪያ እዚያ ቦታ ያለው ዲኤንኤ ኮፒው ብዙ ስለሆነ የሚነበበውም ይበዛል። ቁጥሩን በጂኖሙ አቀማመጥ ስትስሉት እንደ ኮረብታ ከወጣና ከወረደ ሎዌስ በሚባለው የማለስለሻ ዘዴ አስተካክሉት፣ ካልሆነ ከኮረብታው ርቀው ያሉ ጂኖች ያለጥፋታቸው ደካማ ይመስላሉ።

ጂኑ ራሱ ሳይሆን ጎረቤቱ ቢሆንስ የተጎዳው? ሁለት ጂን እየተተካካ ከሆነስ?

ባክቴሪያ ላይ ብዙ ጂን ኦፐሮን ውስጥ ነው፣ አንድ ላይ ተያይዘው ይነበባሉ። ትራንስፖዞኑ የፊተኛው ላይ ሲሰካ ንባቡን ያቋርጥና የኋለኛውም ይጠፋል። ስለዚ ባዶ የሆነው የፊተኛው ምንም ሳይሆን ኢሴንሻሉ ከኋላው ያለው ሊሆን ይችላል። ዝርዝራቹ ላይ ጎን ለጎን አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ጂኖች ካሉ የመጨረሻውን ቅድሚያ ጠርጥሩ። ይሄን ስታቲስቲክስ ብቻውን አይፈታውም፣ ጂኑን በፕላዝሚድ (ከክሮሞዞሙ ውጪ ያለ ትንሽ ክብ ዲኤንኤ) መልሶ ሰጥቶ ባክቴሪያው ይድን እንደሆነ ማየት ይጠይቃል።

የሚተካኩት ደግሞ ጭራሽ ተደብቀዋል። ሁለት ጂን አንድ ስራ ከሰሩ አንዱን ብታበላሹት ሌላው ይሸፍናል፣ ሁለቱም "ኢሴንሻል አይደለም" ተብለው ይወጣሉ፣ ሁለቱን ባንዴ ስታጠፉ ግን ሴሉ ይሞታል። እዚህ ላይ ክሪስፐር-አይ ይሻላል፣ ጂኑን ሳይቆርጥ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ኢሴንሻል የሆነውንም ቀስ እያሉ ዝቅ አድርጎ "ምን ያህል ሲቀንስ ነው የሚታመመው?" ማለት ይቻላል፣ ትራንስፖዞን ላይ ግን ከኢሴንሻል ጂን የምታገኙት ዜሮ ብቻ ነው፣ ከዜሮ ደግሞ ምንም መለካት አይቻልም።

ላብም ዳታም ሳይኖር ከሲኩዌንሱ ብቻ በማሽን ለርኒንግ መገመት አይቻልም?

የሚሞክሩ ብዙ ናቸው፣ ቲያንጂን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው ዴግ የሚባል የኢሴንሻል ጂኖች ዳታቤዝ አለ፣ ከዚያ ወስደው ያሰለጥናሉ። ግን "93 ፐርሰንት አኩሬሲ አገኘሁ" የሚል ስላይድ ሲመጣ ቀና ብዬ የማየው ለዚህ ነው፦ ኢ ኮላይ ላይ ኢሴንሻሉ ከ4,300 ውስጥ 303 ነው፣ ወደ 7 ፐርሰንት። ምንም ሳይማር ሁሉንም "አይደለም" የሚል ሞዴልም 93 ፐርሰንት ያመጣል። ስለዚ አኩሬሲውን ተዉት፣ ኢሴንሻል ካለው ውስጥ ስንቱ እውነት ነው፣ ከእውነተኞቹስ ስንቱን ያዘ የሚለውን አምጡ።

ከዚህ የከፋው ዳታ አከፋፈሉ ነው። ኢ ኮላይንና ሳልሞኔላን ደባልቃቹ በዘፈቀደ 80 በ20 ከከፈላቹ የአንዱ ጂን የቅርብ ዘመዱ ማሰልጠኛው ውስጥ አለ፣ ሞዴሉ መልሱን አይቶ ነው የሚፈተነው። ጂኖችን በቤተሰብ ሰብስባቹ ቤተሰቡን ሙሉ ወይ ማሰልጠኛ ወይ መፈተኛ ውስጥ ክተቱ፣ ወይም አንድ ባክቴሪያ ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን አስቀምጡ፣ ቢቻል ከሩቅ ዘመድ። ውጤቱ ይወርዳል፣ ይውረድ፣ እሱን ነው ስላይድ ላይ የምታስቀምጡት።